ተፈናቃዮችን ፎቶ ላንሳ ብሎ የመጣ ልጅ አለ፤ ምን ልበለው?

ፎቶቤት ቱሉዲምቱ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ። ሰኔ ላይ ምርቃት ይመጣል፣ ጥር ላይ ሠርግ። ሌላውን ጊዜ አቧራ ስጠርግ ነው የምውለው። የዚህን ሰፈር ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ ሌላ ዓይነት ደንበኛ መጣ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ይገባል። «ይቺን አሳጥብልኝ» ይላል። አንዳንዷ ከፌስቡክ የወረደች ናት፣ ትንሽ ከፍ ሳደርጋት ትበታተናለች። አንዳንዷ የሠርግ ፎቶ ናት፣ ሃያ ሰው የቆመባት። ከኋላ ረድፍ ግማሽ ፊቱ የተሸፈነ ልጅ አለ። «እሱን ብቻ ቆርጠህ አውጣልኝ።» ሌላ የለም ወይ ስል መልሱ አንድ ነው። ቤቱ ተቃጥሏል፣ አልበሙም አብሮ። አንዱ ከወለጋ ነው፣ አንዱ ከሰሜን። የአንዷ ልጅ በሊቢያ በኩል ባሕር ከገባ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ለለቅሶ የሚቀመጥ ፎቶ እንኳ የለንም ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ ወጣት መጣ። ዶክመንተሪ የሚሠራ ፎቶግራፈር ነው። ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ስደት ነው የምከታተለው አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ቡናውን ጠጥቶ ስኒውን አለቅልቆ የሚመልስ ዓይነት። ጥያቄው «ደንበኞችህን አስተዋውቀኝ» ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ሥራውን አሳየኝ። ጥቁርና ነጭ። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ሳስቀምጥ ነው የኖርኩት። አንዲት ሴትዮ አለች፣ የድንኳን ገመድ ይዛ የቆመች፣ ነፋሱ ነጠላዋን ያነሳው። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ማን ትባላለች?» አልኩት።

ፋይሉን ከፈተ፣ ማስታወሻውን ገለበጠ። የለም። ካምፑ ተጽፏል፣ ቀኑ ተጽፏል፣ ሌንሱ እንኳ ተጽፏል።

እና ምን ልበለው? ላስተዋውቀው ወይስ ይቅርብኝ?

የኮዬ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡31

ምን ያስጨንቃል ብራዘር፣ አስተዋውቀው! ያልተነሳ ነገር አልሆነም ነው የሚባለው። ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን 1977 ላይ በረሃቡ ጊዜ ኮረም ባይደርስ ዓለም ምን ያውቅ ነበር? ጥቅምት 13 ቢቢሲ ላይ ታየ፣ እርዳታ ጎረፈ፣ በሐምሌ ለንደንና ፊላዴልፊያ ስታዲየም ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ዘፈነልን። ሁሉም ከአንድ ካሜራ ነው የመጣው።

አሁንም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል ተመዝግቧል። እስከዚያ ድረስ በአንድ አገር በአንድ ዓመት ያን ያህል ተቆጥሮ አያውቅም። ከመሃላቸው ስንቱን በፊት ታውቀዋለህ?

ጡረተኛው ቴክኒሻን | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እኔ በዚያ ዘመን ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥብ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ይቅር። ኮረም ላይ ሰው እንደሚረግፍ ከቢቢሲ በፊት የሚያውቅ ሞልቶ ነበር። መስከረም 2 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበር ስለነበር ወሬው ታፍኖ ነው። እኛ የምናጥበው ሰልፍና ባንዲራ ነበር። እጄ ላይ ያለው ኬሚካል ሳይለቅ ነበር ቤቴ የምገባው፤ የማየው ግን ሁሌ ድግስ።

ከዚያ በፊት ደግሞ የወሎው ረሃብ አለ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ በ1966 ጥቅምት አገሩ ላይ አሳየው። ያንኑ ፊልም ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በእኛው ቴሌቪዥን ለቀቀው። ብቻውን ግን አይደለም። ከቤተ መንግሥት የግብር ድግስ ጋር አቀላቅሎ ነው። በማግስቱ ጃንሆይ ወረዱ። የረሃቡ ምስል እውነት ነው፣ የግብሩም እውነት ነው። ሥራውን የሠራው መቀሱ ነው። ስለዚህ ያን ልጅ እንዴት እንደሚያነሳ ብቻ አትጠይቀው። ካነሳ በኋላ ፎቶው አጠገብ ማን ምን እንደሚያስቀምጥ ጠይቀው።

ሞሐመድ አሚንን ካነሳችሁት አይቀር። ግንቦት 27 ቀን 1983 ንጋት ላይ እዚሁ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ቀረ። የኔ ቤት መስኮት በሙሉ ነው የረገፈው፣ ለዚያ ነው ቀኑን የማልረሳው። ሰውየው ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ከዚህ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው አውሮፕላናችን ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። ከ175 ሰው 125ቱ ነው ያለቀው።

ዝም አልልም | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡22

ሁሉም ሽልማት ፈላጊ ነው። ያ ደቡብ አፍሪካዊ ኬቨን ካርተር አሞራ ሕፃኗን ሊበላት ሲል ቆሞ አነሳ፣ ፑሊትዘሩን ወሰደ፣ ከዚያ ጸጸቱ ገደለው። ታሪኩ ይኸው ነው። አታስተዋውቅ።

ተማሪ ሌንስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡50

ይሄ በየፌስቡኩ የሚዞረው ታሪክ ነው። ፎቶው የተነሳው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1993 በያኔዋ ሱዳን ደቡብ፣ አዮድ ላይ፣ ምግብ ማከፋፈያ አጠገብ ነው። ካርተር አሞራውን አባሮታል። ኒው ዮርክ ታይምስ ካወጣው በኋላ አንባቢው ሁሉ «ልጅቷስ?» እያለ ሲጽፍ ጋዜጣው «ተነስታ መንገድ ቀጥላለች፤ ማከፋፈያው ጋ መድረሷን ግን አናውቅም» ብሎ መለሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ ጋዜጠኞች መንደሩ ድረስ ሄደው ሲጠይቁ ቤተሰቡ ወንድ ልጅ ነው አሉ። ከዚያ ረሃብም ተርፎ ነበር። አስበው። ዓለም ያለቀሰለት ልጅ ወንድ ይሁን ሴት የጠየቀ አልነበረም።

ካርተር ራሱን ሲያጠፋ 33 ዓመቱ ነበር። በተወው ደብዳቤ ላይ የገንዘብ ችግር አለ፣ ያያቸው ግድያዎች አሉ፣ የሞተ ጓደኛው አለ። አንድ ፎቶ ብቻውን አልገደለውም።

ዝም አልልም | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡54

እሺ አሞራውን አባረረ። ፎቶውን አነሳ እንጂ ልጁን አላነሳም፣ አይደል?

ተማሪ ሌንስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡58

እዚች ላይ ተሸነፍኩ።

አራተኛ ፎቅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡40

እኔ ተፈናቃይ ነኝ። ከየት እንደሆነ ልተወው። ከየት ስል እዚህ ክር ላይ ሌላ ጦርነት ይነሳል።

2014 ላይ ለዱቄት ተሰልፈን ካሜራ የያዙ ሰዎች መጡ። ማንም አልጠየቀኝም። ብጠየቅም እሺ ነበር የምለው። ዱቄቱን የሚሰፍሩት ሰዎች አብረዋቸው ቆመዋል፣ እምቢ እንዴት ይባላል? ከወራት በኋላ የአንድ ድርጅት ባነር ላይ ራሴን አየሁ። መጀመሪያ ያወቅኩት ነጠላዬን ነው። ጥለቱን እናቴ ናት መርጣ ያሸመነችልኝ። ከዚያ ፊቴን አየሁ። ከሥሩ በትልቁ «ተስፋ» ተብሎ ተጽፏል። ስሜ ተስፋ አይደለም።

ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? ጸጉሬ ነው። ሦስት ሳምንት ውኃ ያልነካው ጸጉር። እኔ እኮ አስተማሪ ነበርኩ። ክፍል ስገባ ሰባ ልጅ ብድግ ይልልኝ ነበር። ልጄ ባነሩን አይታ «እማዬ፣ እንዲህ ሆነሽ ለምን ተነሳሽ?» አለችኝ። እንደ ልደት ፎቶ አስቤበት የተነሳሁ መስሏት ነው።

ለኮዬው ልጅ፦ ያ 5.1 ሚሊዮን የምትለው ሰው በተፈናቀለ ቁጥር የሚቆጠር ነው አሉ። እኔ በዚያ ዓመት ሁለቴ ነው የሸሸሁት። ሁለት ሰው ሆኜ ገብቻለሁ ማለት ነው።

ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ልጁን አምጣው። ግን ሹሩባ ተሠርቼ ነው የምነሳው። ወንበር ላይ ተቀምጬ።

አወያይ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሦስት ኮሜንቶች ተነስተዋል። እህታችን ከየት እንደመጣች በአነጋገሯ ለመገመት የሞከራችሁ ናችሁ። ራሷ ልተወው ብላለች። ተውት።

ኦቦክ ያየ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሌሊቱን ሳነበው አደርኩ። እኔ በ2009 በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክ በኩል ነው የወጣሁት። አፋር በረሃ፣ ከዚያ በእግር የአሳል ሐይቅ ጨው፣ ከዚያ ኦቦክ፣ ከዚያ ጀልባ። የመን ራስ አል አራ አወረዱን። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። አሶሺየትድ ፕሬስ ላይ የምትሠራ ናሪማን ኤል-ሞፍቲ የምትባል ፎቶግራፈር እ.ኤ.አ. በ2019 ያንኑ መንገድ ተከትላ አንስታዋለች። ፎቶዎቹን ሳይ ድንጋዩን ሁሉ አወቅኩት።

ሌላ አንድ ፎቶ አለ። ጆን ስታንሜየር እ.ኤ.አ. በ2013 ጅቡቲ ከተማ ባሕሩ ዳር በጨረቃ ያነሳው። ሰዎች ቆመው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለዋል። ከሶማሊያ የሚመጣውን ርካሽ ኔትወርክ እየለቀሙ ነው፣ ቤት ለመደወል። በወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ አንደኛ ተብሏል። ፊት አይታይበትም፣ ጥላ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ጨረቃዋን ያደንቃል። እኔ የማየው ክንዳቸውን ነው። ያችን አንዲት መስመር ለማግኘት እስኪዝል ሰቅለህ ትቆማለህ። ስትገባልህ እናትህ «ደረስክ ወይ?» ትላለች። «ደርሻለሁ» ትላለህ። ገና ጅቡቲ ነህ።

አሁን ስም ይጻፍ የሚል ሰው ይመጣል፣ አውቃለሁ። መንገድ ላይ ላለ ሰው ስም አይጻፍ። ፊቱም አይውጣ። ደላላ ፌስቡክ ያያል። ቤተሰብህ አቅም ያለው መምሰሉን ከልብስህ ይገምታል። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። አጋቾቹ ራሳቸው ካሜራ አላቸው። ልጁን እየገረፉ ቀርጸው ለእናቱ ነው የሚልኩት። እኛ ሰፈር ገንዘብ ሲዋጣ ያ ቪዲዮ ከቤት ቤት ሲዞር አይቻለሁ። ካሜራ ሲባል የእኛ እናቶች ትዝ የሚላቸው እሱ ነው። ፎቶ አንሺው ልጅ ይሄን ይወቅ።

ተማሪ ሌንስ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡45

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባህ።

ስለ ስም ልጽፍ ነበር፣ ቀደምከኝ። ቢሆንም ልጨምር። እኔ የሳልጋዶን ፎቶዎች እያየሁ ነው ካሜራ የወደድኩት። ብራዚላዊ ነው፣ ኢኮኖሚስት ነበር፣ ለዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ሲሠራ ነው ወደ ፎቶ የገባው። በድርቁ ጊዜ እኛም አገር መጥቶ መጠለያዎቹን አንስቷል። ቆይቶ ስድስት ዓመት ገደማ አገር ላገር እየዞረ ስደተኛና ተፈናቃይ ሲያነሳ ከረመ። አንድ ነገር ግን አለ። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ2003 የወቀሰችው ፎቶዎቹ አቅመ ቢሱን ሰው በአቅመ ቢስነቱ ብቻ በማሳየታቸው ነው፤ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍም አንስታለች። ሰዎቹ ስም የላቸውም። ዝነኛ ሰው በስሙ፣ ደሃ ግን በመከራው ይጠራል ነው ነገሩ። ሳልጋዶ በሩዋንዳ ባየው ነገር ጤናው ተናግቶ ወደ አባቱ እርሻ ተመልሶ ዛፍ ሲተክል ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ፓሪስ ላይ አረፈ። አሁንም እወደዋለሁ። ወቀሳውም ግን አይለቀኝም።

ዶሮቲያ ላንግም እንደዚያው ናት። እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ አተር ለቃሚዎች ሰፈር አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር አነሳች። ስሟን አልጠየቀችም። ፎቶው ቴምብር ላይ እስከመውጣት ደረሰ። ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ራሷ ለጋዜጣ ተናግራ። አንዲት ሳንቲም አላገኘሁበትም ብላለች። አርባ ዓመት ሙሉ የራሷን ፊት በየመጽሔቱ እያየች ማለት ነው።

ከእኛ ደግሞ ሙሉጌታ አየነ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰው ያለቀበት አደጋ። ከቱሉ ዲምቱ እኮ ሩቅ አይደለም። አፈር እያነሳች ፊቷ ላይ የምትበትነውን ሐዘንተኛ አነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሸለመው። ያንን ፎቶ ሳይ የሚሰማኝ፣ አንሺው ለቅሶ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እብደት ይመስለው ነበር። ይሄ ለቅሶ ነው፣ እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚለቀሰው።

ላፕቶፕ ጠጋኝ | እሁድ፣ ከጠዋቱ 5፡30

አጭር ነገር። ስልክም አንዳንድ ካሜራም ፎቶው ውስጥ የተነሳበትን ቦታ ይጽፋል። አይታይም፣ ግን አለ። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልከው ይጠፋል፣ እንደ ፋይል ስትልከው ግን እንዳለ ይሄዳል። ፎቶግራፈር ደግሞ ጥራቱ እንዳይቀንስ ሁሌ እንደ ፋይል ነው የሚልከው። ፊት ሸፍኖ የቤቱን አድራሻ የላከ ሰው አውቃለሁ። ልጁ መጀመሪያ ይሄን ያጥፋ።

የኮዬ ልጅ | እሁድ፣ ከቀኑ 6፡02

እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እህቴ ይቅርታ፣ ቁጥሩን እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር። ምን ታስተምሪ ነበር?

አራተኛ ፎቅ | እሁድ፣ ከቀኑ 6፡10

ሒሳብ። ለዚያ ነው የቆጠርኩት 😄

ፎቶቤት ቱሉዲምቱ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጠፍቼ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ፕሪንተሬ ተቃጥሎ እሱን ስሯሯጥ ነበር። የወረቀቱን ዋጋ ደግሞ ተዉት፣ ስለሱ ሌላ ክር እከፍታለሁ።

ልጁን አምጥቼዋለሁ። የተነጋገርነው እንዲህ ነው። እሁድ ከሰዓት በኔ ቤት ይቀመጣል። ድንኳን ድረስ አይሄድም። የሚነሳ ሰው የታጠበ ፎቶውን በእጁ ይዞ ከወጣ በኋላ ነው ልጁ ፋይሉን የሚወስደው። ወረቀቱ በሱ፣ ጉልበቱ በኔ። ስም በደብተር ይጻፋል፣ ደብተሩ እኔ ጋ ይቆያል። ስሜ ይውጣ ያለ ይወጣል፣ አይውጣ ያለ አይወጣም። እንዲያው ላስብበት የሚልም አለ፣ እሱም ይጻፋል።

የመጀመሪያው እሁድ አንድ ሰው ብቻ መጣ። አራተኛ ፎቅ ናት። በሹሩባ። ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀባት። እኔ በሦስት ደቂቃ ነው ሰው የምሸኘው፣ ቁጭ ብዬ አየሁ። ያወራታል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያወራታል። ካሜራውን ያነሳው ስለ ክፍልፋይ ሳይገባው ቀርቶ ስትቆጣው ነው። ትልቁን ወሰደች፣ ከዚያው ላይ ደግሞ ስምንት ጉርድ አስቆረጠች። ለሥራ ማመልከቻ ነው አለች።

ሁለተኛው እሁድ አንዲት እናት መጡ። እኔ ጋ በፊትም ያሳጠቡ ናቸው። ልጃቸው በባሕር የቀረው። ፎቶ አንሺው ልጅ «እናቴ፣ ላንሳዎት?» አለ። «እኔን ብቻዬን ምን ያደርግልሃል፣ ከልጄ ጋር አድርገኝ» አሉት። ስልካቸውን አወጡ። ልጃቸው ኳስ ሜዳ ላይ፣ ማሊያ ለብሶ። ከጎናቸው እንዲቆም ነው የፈለጉት። አብረው የተነሱት ፎቶ ነበራቸው፤ ከቤቱ ጋር ነዷል።

እሱ ደነገጠ። ወደ ጓሮ ጠራኝ። «ይሄን አልችልም» አለኝ። በነሱ ሥራ ፎቶ ላይ የሌለ ነገር መጨመር ወይ ያለውን ማጥፋት ነውር ነው፣ ከውድድርም ከሥራም ያስባርራል። «የሌለ ነገር ነው የሚሆነው» አለኝ። ገባኝ፣ ልክ ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ይሄው ነው። ቤይሩት ያለችን እህት ከሠርግ ጋር አገናኝቻለሁ። ሕፃን ልጅን ከማያውቃቸው አያቱ ጭን ላይ አስቀምጫለሁ። ፎቶ ማገናኘት ብለን ነው የምንጠራው፣ ግድግዳ ላይ ዋጋው ተለጥፏል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ሆነ። እሱ እሳቸውን ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አነሳቸው። እኔ ደግሞ አገናኘኋቸው። ሲያዩት ብዙ አልተናገሩም። «ማሊያውን ኮት ልታደርግልኝ ትችላለህ?» አሉኝ።

ዝም አልልም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

አደረግከው?

ፎቶቤት ቱሉዲምቱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡07

አደረግኩት። ጥቁር ኮት።

ተማሪ ሌንስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጁ ትክክል ነው። እኔም እምቢ እል ነበር። ዛሬ ለእናት ብለህ የጨመርከውን ነገ ሌላው ለፖለቲካ ብሎ ይጨምረዋል፣ ከዚያ ማንም ምንም አያምንም። የጦርነት ፎቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚባለው «ኤዲት ነው» እኮ ነው። ጋሼ ስለ መቀሱ የነገሩን ይኸው ነው።

ኦቦክ ያየ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡48

ያኛው ለቴሌቪዥን ነው። ይሄኛው ለኮመዲኖ ነው።

ተማሪ ሌንስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ኮመዲኖ ላይ ያለ ፎቶም ስልክ ይነሳበታል፣ ፌስቡክ ይወጣል። ጀርባው ላይ «የተገናኘ» ተብሎ ይጻፍ ቢያንስ።

አራተኛ ፎቅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ተማሪ፣ እሳቸው መገናኘቱን የማያውቁ ይመስልሃል?

እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ስልኩን ይዘው የተነሱትን ፎቶ ወሰዱት ወይ?

ፎቶቤት ቱሉዲምቱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡16

ታጥቦ ተሰጣቸው። አይተው መለሱልኝ። «ይሄ የናንተ ነው» አሉ። ስማቸውም እንዲወጣ ፈቅደዋል። የልጃቸውንም ስም አስጽፈዋል፣ ከነአባቱ። ልጁ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ጠየቃቸው፣ በሐመሩ ሐ ነው በሀሌታው ሀ እያለ።

ደግሞ ያቺ የድንኳን ገመድ የያዘችው ሴትዮ። ካምፑ ድረስ ሄዷል በዚህ ሳምንት። አላገኛትም፣ ቦታ ቀይረዋል አሉት። ፎቶዋን አሳጥቦ ለጎረቤቶቿ ትቶላታል። ኤግዚቢሽኑ ላይ እንደማይሰቅላት ነገረኝ። በጣም ነው የቆጨኝ፣ ምርጧ እሷ ነበረች። ግን እንዲሰቅላት አልገፋፋሁትም።

ጡረተኛው ቴክኒሻን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እኛም ዘንድ ማገናኘት ነበር። በምላጭ ቆርጠን በሙጫ ለጥፈን፣ እንደገና አንስተን፣ ኔጋቲቩን በእርሳስ እንነካካ ነበር። የሞተ ወታደር ከሙሽራው ጋር አገናኝቻለሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ዛሬም ተሰቅሎ ይሆናል።

አንድ የሙያ ነገር ልጠይቅህ። ብርሃኑ ገጥሟል? የሱ ሜዳ ላይ የተነሳ ነው ካልክ ጥላው ከላይ ነው። የሳቸው የቤት ውስጥ መብራት ነው።

ፎቶቤት ቱሉዲምቱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

አልገጠመም ጋሼ። ለሦስት ሰዓት ታገልኩት። ዓይኑ ሥር ያለውን ጥላ ባነሳው ፊቱ ሌላ ሰው ይሆንብኛል። ተውኩት። እሱ ፀሐይ ላይ ነው፣ እሳቸው ቤት ውስጥ።

ጡረተኛው ቴክኒሻን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

እሳቸውን ወደ እሱ ብርሃን ማምጣት ይቀልህ ነበር። እሁድ በጠዋት ደጅ አውጥተህ እንደገና አንሳቸው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ግን። መጥቼ ላሳይህ። ባጃጁ የቱ ጋ ነው የሚያወርደው?

ፎቶቤት ቱሉዲምቱ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡01

ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። ፎቶ ቤቱ ካሏቸው ያውቁታል። ነጭ ወረቀት አዘጋጃለሁ፣ ለብርሃን መመለሻ።